ፍሎራይድ የአፍ ሴሎችን ይገድላል? በስንት መጠን፣ በስንት ደቂቃ?

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው፤ ጥርሴም በውኃው ምክንያት በልዟል። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የስድስት ዓመት ልጄን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ሁለት መንጋጋዎቿ መቦርቦር መጀመራቸውን ነግሮኝ የፍሎራይድ ቫርኒሽ (መቦርቦርን ለመከላከል ጥርስ ላይ የሚቀባና የሚደርቅ መድኃኒት) ልቀባት አለ። እኔ ግን ፍሎራይድ በላቦራቶሪ ውስጥ የአፍ ሴሎችን በ24 ሰዓት እንደሚገድል አንብቤ ከሁለት ወር በፊት ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከቤት አስወጥቻለሁ። አሁን የምናጸዳው በጨውና በከሰል ነው። ቫርኒሹን እምቢ ልበል? ለመሆኑ ደኅንነቱ የሚፈተሸው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ያነበቡት ውጤት ሐሰት አይደለም። እኔ ራሴ የድድ ሴሎችን በፍሎራይድ ገድያለሁ፤ ያውም ብዙ ጊዜ፣ ሆን ብዬ። የደኅንነት ፍተሻ ማለት መጠኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ ሴሉ የሚሞትበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሴል ያልሞተበት ፍተሻ ገና አላለቀም። ስለዚህ «ፍሎራይድ የአፍ ሴሎችን ይገድላል» የሚል ነገር ሲያነቡ ወዲያው የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ በስንት መጠን? ለምን ያህል ጊዜ? ሁለቱ ያልተጻፉበት ጽሑፍ ምንም አልነገረዎትም።

ውሳኔው እንዳይዘገይ መልሴን አስቀድሜ ልስጥ፤ ቫርኒሹ ይቀባላት። የጥርስ ሳሙናውም ዛሬ ማታ ወደ ቤት ይመለስ። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ላቦራቶሪው ልውሰድዎት።

አንድ ሰው የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ ሲያስነቅል አብሮ የሚቆረጥ ትንሽ የድድ ሥጋ ይኖራል። በፈቃዱ ያንን እንወስድና ከምስር ፍሬ አሳንሰን ከትፈን ምግብ ባለበት ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ፣ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን እናስቀምጠዋለን። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ከሥጋው ጫፍ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ረዣዥም ሴሎች እየተሳቡ ይወጣሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ የሚዋኙ ዓሦች ይመስላሉ። እነዚህን 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ እስከ አሥር ሺህ ድረስ እንዘራቸዋለን። ከዚያ በአንዱ ረድፍ ምንም ሳንጨምር፣ በሚቀጥለው ጥቂት ሶዲየም ፍሎራይድ፣ በሚቀጥለው እጥፉን እያልን እንሄዳለን። በማግሥቱ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ቅመም ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተ አይለውጠውም። ሳህኑን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ከግራ ያለው ረድፍ ደማቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ቀኝ ሲሄድ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጥለት እየደበዘዘ ይመጣል። ድብዝዛቱን በመሣሪያ ለክተን በመቶኛ እንጽፈዋለን። የሕክምና ዕቃዎችን ለመፈተሽ በወጣው አይኤስኦ 10993-5 በተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት የሴሎቹ ሕያውነት ምንም ካልተጨመረበት ረድፍ አንጻር ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ንጥረ ነገሩ ለሴል መርዛማ ነው ይባላል።

ድብዝዛቱ የሚጀምረው የት ላይ ነው? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የታተመ በአፍ ሽፋን ፋይብሮብላስቶች ላይ የተሠራ የታይዋን ጥናት መርዛማነቱ ከ4 ሚሊሞል በሊትር ጀምሮ እንደታየ አስፍሯል። ይህ ወደ ፍሎራይድ ክብደት ሲመነዘር በሊትር 76 ሚሊግራም ነው። እንደ ሴሉ ዓይነትና እንደ ቆይታው ከዚህ ዝቅም ከፍም የሚሉ ውጤቶች አሉ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይህ ቁጥር በቂ መለኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የቁጥሩ አንድ ሃምሳኛ ገደማ። የተለመደው የአዋቂ የጥርስ ሳሙና ግን በኪሎ 1450 ሚሊግራም ይዟል። ቱቦው ላይ 1450 ፒፒኤም ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። ይህ ሴል ይገድላል ካልነው መጠን 19 እጥፍ ይበልጣል። ልጅዎን የሚቀቧት ቫርኒሽ ደግሞ 22,600 ነው፤ ወደ 300 እጥፍ። እንግዲህ መፍራትዎ ከሞኝነት የመጣ አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ «መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም» ብለው ያልፋሉ። ሳሙናው ውስጥ ያለው መጠን ግን ትንሽ አይደለም፤ እንዲህ ያለው መልስ ነው ሰውን ይበልጥ የሚያስጠረጥረው።

ልዩነቱ ያለው በሳህኑና በአፉ መካከል ነው። በሳህኑ ላይ ያለው ሴል ራቁቱን ነው። ፋይብሮብላስት በሰው ድድ ውስጥ የሚኖረው ከላይ በተደራረቡ የሽፋን ሴሎች ሥር ተቀብሮ ሲሆን፣ ምግብ ከሚነካው ድድ ላይ ያለው የላይኛው ድርብ እንደ መዳፍ ቆዳ የጠነከረ ነው። የላይኞቹ ሴሎች ደግሞ ሁልጊዜም እየረገፉ በአዲስ የሚተኩ ናቸው። በላያቸው የምራቅ ንፍጥ ሽፋን አለ። በሳህኑ ላይ ፍሎራይዱ ለ24 ሰዓት፣ ማለትም ለ1440 ደቂቃ፣ ሳይታጠብ ይቆያል፤ ብሩሽ አፍ ውስጥ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ነው። ያም ቢሆን ሳሙናው ከምራቅ ጋር ተደባልቆ ሦስትና አራት እጥፍ ይቀጥናል፤ ከተተፋ በኋላም አዲስ ምራቅ ያለማቋረጥ ያጥበዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምራቅ ላይ የሚቀረው በሊትር ወደ ጥቂት ሚሊግራምና ከዚያም በታች ይወርዳል። ሳህኑ ምራቅ የለውም፤ አይተፋም፤ አይውጥም።

ይህ ማምለጫ እንዳይመስልዎት አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ሳህን ላይ ፍሎራይዱን ትተን የተጣራ ንጹሕ ውኃ ብቻ ብናደርግባቸው ሴሎቹ ውኃውን ወደ ውስጥ ስበው ያብጡና ይፈነዳሉ። የሎሚ ጭማቂ ብንጨምር ያልቃሉ። እርስዎ አሁን የሚጠቀሙበትን ጨው በጥብጠን ብንጨምር ደግሞ ውኃቸው ተመጥጦ ይጨማደዳሉ። አፍዎ ግን ውኃም፣ ሎሚም፣ ጨውም ይችላል።

አሁን ወደ ፈተናው ድክመቶች፤ ሦስት አሉ፣ ብዙ የሚያሳስቱትም እነርሱ ናቸው። ተማሪ ሳለሁ በፍሎራይድ ላይ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ውጤት ይዤ ወደ አስተማሪዬ በኩራት ሄድኩ። ከፍተኛው መጠን ላይ አንድም ሴል አልተረፈም ነበር። ውጤቱን እንኳ ሳያይ «ጨው ያደረግህበት ረድፍ የታለ?» አለኝ። አልነበረኝም። ከዚያ ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ አሳየኝ፤ በሴሎቹ መካከል እንደ ደቀቀ አሸዋ ያለ ዝቃጭ ተበትኗል። ለሴሎች የምንሰጠው ፈሳሽ ካልሲየም አለው፤ ፍሎራይድ ሲበዛበት ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። ሴሎች ከሳህኑም እርስ በርሳቸውም ለመያያዝ ካልሲየም ስለሚያስፈልጋቸው ግማሹ ጉዳት የፍሎራይዱ ይሁን የካልሲየሙ እጦት መለየት አይቻልም። የሶዲየሙ ጨውነት ራሱ የሚያመጣው ጫና እንዳለ ሆኖ ማለት ነው። ስድስት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ ከመጀመሪያው ተደገመ። እስከ ዛሬ በፍሎራይድ ላይ የተጻፈ ጥናት ስከፍት በቅድሚያ የምፈልገው እኩል መጠን ተራ ጨው የተጨመረበትን ረድፍ ነው። ከሌለ ቀሪውን በጥርጣሬ አነባለሁ።

ሁለተኛው ድክመት ቢጫው ቅመም ላይ ነው። ኤምቲቲ የሚለካው ሴሉ ሞተ ወይስ አልሞተም የሚለውን በቀጥታ አይደለም፤ ሴሉ ምግቡን የማቃጠል ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው። ፍሎራይድ ደግሞ ስኳር ከሚፈጭባቸው ኢንዛይሞች አንዱ የሆነውን ኢኖሌዝን ያስቆማል። የደም ስኳር ምርመራ አድርገው ከሆነ ደምዎ የተቀዳበትን ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ ያስታውሱ፤ ውስጡ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ ነው። የተጨመረው የደም ሴሎች ስኳሩን እንዳይበሉትና ውጤቱ እንዳይዛባ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ሲደበዝዝ ሴሉ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥራውን ቀንሶ ያረፈም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። የሞተ ሴል ግድግዳው ሲቀደድ ኤልዲኤች የሚባል ኢንዛይም ወደ ውጭ ስለሚያፈስ ያ ይለካል። ወይም ፍሎራይዱ ታጥቦ፣ አዲስ ምግብ ተሰጥቷቸው፣ በማግሥቱ ያገግሙ እንደሆነ ይታያል። በአንድ ምርመራ ብቻ «ገደለ» የሚል ድምዳሜ የደረሰ ጽሑፍ ቸኩሏል።

ሦስተኛው የጥርስ ሳሙናን እንዳለ የሚፈትሹ ሥራዎችን ይመለከታል። በቱቦው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ብቻ አይደለም። አረፋ የሚያወጣው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሴልን ግድግዳ ቅባት የሚያሟሟ ነገር ነውና በሳህን ላይ ከፍሎራይዱ ይልቅ እጅግ ባነሰ መጠን ሴል ይጨርሳል። አፋቸው ቶሎ ቶሎ የሚቆስል ሰዎች አረፋ የማያወጣ ሳሙና ቢጠቀሙ እላለሁ፤ ፍሎራይዱን ግን ሳይተዉ። ብዙ ጊዜ «የፍሎራይድ ጉዳት» ተብሎ የሚወራው የአረፋው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንከን ካለበት ለምን እንሠራዋለን? አንዱን ምርት ከሌላው ለማወዳደር፣ በሰው አፍ ውስጥ መግባት የሌለበትንም ከደጅ ለመመለስ ይጠቅማል። ከሳህኑ ያለፈ ነገር ቀጥሎ በላቦራቶሪ በድርብርብ በተገነባ የአፍ ሽፋን ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ በእንስሳ፣ በመጨረሻም በሰው። ከሰው ጉንጭ በእንጨት ተፍቀው የሚወሰዱ ሴሎችን እያዩ የዘረ መል ጉዳት ምልክት የሚቆጥሩ ጥናቶችም አሉ። ሴሎቹ በእውነተኛ አፍ ውስጥ የኖሩ በመሆናቸው እኔ ከሳህኑ ይልቅ እነዚህን አስበልጣለሁ። ነገር ግን ጫትና ትንባሆ ራሳቸው ይህን ቁጥር ስለሚያናጉ ናሙናው ከማን እንደተወሰደ ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

የሳህኑ ማስጠንቀቂያ በአፍ ውስጥም እውነት የሚሆንባቸው ቦታዎች እንዳሉ መደበቅ አልፈልግም። ሁለቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያው አሲድ ያለበት የፍሎራይድ ጄል ነው። ፍሎራይድ በገለልተኛ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ወደ ሴል ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 3.5 ሲወርድ ግን ሲሶ ያህሉ ወደ ሃይድሮጅን ፍሎራይድነት ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ የሴል ግድግዳን በቀላሉ ያልፋል። በቆሰለ ድድ ላይ አሲዳማውን ጄል መቀባት ልክ አይደለም። ሁለተኛው የተቦረቦረ ጥርስን ለማስቆም የሚቀባው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ነው። በ38 በመቶው ምርት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ 44,800 ፒፒኤም ሲሆን ከፍተኛ የብር ይዘትም አለው። ድድ ከነካ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ነጭ ወይም ቡናማ ምልክት ይተዋል፤ የተቀባውን የጥርስ ክፍልም ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። ጥሩ ሐኪም ከመቀባቱ በፊት ከንፈርና ድድ ላይ ቫዝሊን ያደርጋል፤ ካላደረገ ይጠይቁት።

ቫርኒሹ ከሁለቱም ይለያል። 22,600 የሚለው ቁጥር ያስደነግጣል፤ የሚቀባው ግን ጠብታ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ አፍ ሁሉ የሚበቃው እስከ 0.4 ሚሊሊትር ሲሆን በውስጡ ያለው ፍሎራይድ 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። ምራቅ ሲነካው ወዲያው ጥርሱ ላይ ይደርቅና ለሰዓታት ቀስ እያለ ይለቃል። ልጅዎ 20 ኪሎ ብትመዝንና ሁሉንም ብትውጠው እንኳ፣ ሐኪሞች አስቸኳይ ክትትል ያስፈልጋል ከሚሉበት በኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም፣ ለእርሷ 100 ሚሊግራም፣ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከመቀባቱ በፊት ለሐኪሙ የሚነግሩት ሦስት ነገር አለ። አስም ካለባት፣ ሙጫ ወይም ፕላስተር ቆዳዋን የሚያስቆጣት ከሆነ (ብዙ ቫርኒሾች ከጥድ ሙጫ ይሠራሉ)፣ ወይም በዚያ ሰሞን አፏ ወይም ድድዋ ቆስሎ ከሆነ። የመጨረሻው ከሆነ እስኪድን ይቆይ። ከተቀባች በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ትኩስና ጠንካራ ነገር አትስጧት፤ ብሩሹም እስከ ማግሥቱ ጠዋት ይቆይ።

አሁን ወደ ወንጂ ልመለስ፤ የፍርሃትዎ ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛልና። የእርስዎን ጥርስ ያበለዘው አፍዎን የነካው ፍሎራይድ አይደለም፤ በልጅነትዎ የጠጡት ነው። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ጠንካራ ሽፋን በድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ከሆድ ወደ ደም የገባው ፍሎራይድ ሠሪዎቹን ሴሎች ያውካል፤ ጥርሱ ሲወጣ በልዞ ይወጣል። ወንጂ ባለበት በስምጥ ሸለቆ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ የሚገኝባቸው የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ሒሳቡን ይመልከቱ። በሊትር 5 ሚሊግራም ያለው ውኃ አንድ ሊትር የሚጠጣ ልጅ በየቀኑ 5 ሚሊግራም ያስገባል። የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና፣ ሩብ ግራም ያህል፣ በብሩሽ ላይ አድርጎ ሁሉንም የዋጠ ልጅ ደግሞ 0.36 ሚሊግራም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀባው ቫርኒሽ እንዲህ ያለውን ውኃ አራት ቀን ከመጠጣት ያንሳል። ስለ መበለዝ የሳህኑ ሙከራ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ደግሞም በስድስት ዓመቷ የፊት ቋሚ ጥርሶቿ ኢናሜል ድድ ውስጥ ሆኖ በአመዛኙ ተሠርቶ አልቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ነው። የልጅዎ ጥርስ ፍሎራይድ የሚያገኘው እንግዲህ እርስዎ ካወጡት ቱቦ ነበር ማለት ነው።

ከሰሉን ይተዉት። የእርስዎ ብልዝ ያለው ኢናሜሉ ውስጥ ነው፤ ከሰል ላዩን ፍቆ ያሳሳዋል እንጂ አይደርስበትም። ጨውም ለመቦርቦር መድኃኒት አይሆንም። መፋቂያ የሚወዱ ከሆነ ይፋቁ፤ በእንጨቱ ላይ ጠብ የለኝም፤ ነገር ግን ማታ ከመተኛቷ በፊት ልጅዎ በሳሙናው ትቦርሽ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ የአተር ፍሬ ያህል፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ወንድም ወይም እህት ካላት የሩዝ ፍሬ ያህል። ጠዋትና ማታ፣ እርስዎ አጠገቧ ቆመው። ስትጨርስ ትትፋ፤ በብዙ ውኃ ግን አትጉመጥመጥ፤ ሥራውን የሚሠራው የቀረው ነው። ሳሙናውን ከረሜላ በሚመስል ጣዕም አይግዙላት። ቱቦውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ይህን አጥብቄ የምለው ነው። ባለ 100 ግራም ቱቦ 145 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የቱቦውን ሲሶ ያህል ቢበላ ከላይ የጠቀስኩት አደገኛ መጠን ላይ ይደርሳል። እንዲያ ከሆነ ወተት ይጠጣ፤ እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ቱቦውን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ክረምቱን ወንጂ ዘመድ ጋር የምታሳልፍ ከሆነም ሳሙናውን ይዛ ትሂድ። የምትጠጣው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ግን ይጠይቁ፤ የጉድጓድ ከሆነ ያስመርምሩት። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን የቀረውን ያወፍረዋል። ናሙናውን በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያምጡት፤ ለፍሎራይድ ምርመራ ብርጭቆ አይመረጥም።